ጣሳው ላይ ያለው ስም መኪና አያቆምም

ሰሞኑን ስለ ፍሬን ዘይት የተጻፈ አንድ ጽሑፍ ከስልክ ወደ ስልክ ሲዞር ሰንብቷል። ለእኔ ብቻ አምስት ሰው ልኮልኛል። ሦስቱ ደንበኞቼ ናቸው፣ አንዱ የባለቤቴ ወንድም ነው፣ አምስተኛውን እስካሁን አላወቅሁትም። ጋራዥ ከከፈትኩ አሥራ ስድስት ዓመት አልፎኛል፤ ሰው ስለ ፍሬን ዘይት እንዲህ ተጨንቆ ሲያወራ ስሰማ ግን የመጀመሪያዬ ነው። የሞተር ዘይቱን የሚቀይርበትን ኪሎ ሜትር በቃሉ የሚያውቅ ሰው፣ «የፍሬን ዘይቱስ መቼ ተቀየረ?» ሲባል ኮርኒሱን ማየት ይጀምራል። ጸሐፊው ይህን ጉዳይ ወሬ ስላደረጉት ከልቤ አመሰግናቸዋለሁ። ምክራቸው ግን በአብዛኛው ስሕተት ነው፤ አንዱ ምክር ደግሞ አደገኛ ነው።

የሚሉት ባጭሩ ይህ ነው። ፍሬን ዘይት ስንገዛ የመጀመሪያውም የመጨረሻውም ጥያቄ ብራንዱ ነው፤ ታዋቂ የአውሮፓ ስም የሌለው ሁሉ ገንዘብ ማባከን ነው። ጣሳው ላይ የተጻፈው የደረጃ ቁጥር፣ ዶት የሚባለው፣ ከፍ ባለ መጠን ዘይቱ ይሻላል፤ አቅሙ ያለው ዶት 5 ያድርግ። ሁለት ብራንድ ከተቀላቀለ ይቋጠራል። ዘይቱ እስካልጠቆረ ድረስ ደህና ነው፣ አዲስ አበባም ደጋ ስለሆነች እርጥበትና ሙቀት አያሳስበንም። ጥሩ ብራንድ አንዴ ከገባ ሲጎድል መሙላት እንጂ መቀየር አያስፈልግም። ኤሌክትሪክ መኪና የገዛ ደግሞ ይህን ሁሉ ሊረሳው ይችላል። ዋና ዋናው ይህ ነው።

ከብራንዱ ልጀምር። እስቲ የመኪናችሁን ኮፈን ክፈቱና ከሾፌሩ ወንበር ፊት ለፊት፣ ወደ መስታወቱ ተጠግታ የተቀመጠችውን ትንሽ የፕላስቲክ ማጠራቀሚያ ፈልጉ። ክዳኗ ላይ ጽሑፍ አለ። የአሜሪካ የተሽከርካሪ ደኅንነት ሕግ አምራቾች እዚያ ቦታ ላይ ምን መጻፍ እንዳለባቸው ወስኗል። ከመክፈትህ በፊት ክዳኑን አጽዳ፣ ይህን ዓይነት ፈሳሽ ብቻ ተጠቀም፣ ካልተከፈተ ዕቃ የወጣ ይሁን ይላል። የዶቱ ቁጥር አለ፣ መታሸጉ አለ፣ የብራንድ ስም ግን የለም። ሕግ አውጪዎቹ ስለ ሰው ሕይወት ሦስት ነገር ብቻ የመናገር ዕድል ሲሰጣቸው ብራንድን አልጠቀሱም። ይህ በቂ መልስ ይመስለኛል፤ ግን ልቀጥል።

ዶት ማለት ደረጃ ነው። ዶት 3 የተባለ ፈሳሽ አዲስ ሳለ ከ205 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች መፍላት የለበትም፤ ፍሬን ዘይት ከአየር እርጥበት ይስባልና፣ 3.7 በመቶ ገደማ ውሃ ከጠጣ በኋላ ደግሞ ከ140 በታች። ለዶት 4 ቁጥሮቹ 230 እና 155 ናቸው። ለዶት 5.1 ደግሞ 260 እና 180። እንግዲህ ስሙን ሰምተን የማናውቀው ድርጅት የሞላው እውነተኛ ዶት 4 እና ዝነኛ ስም ያለው ዶት 3 ጎን ለጎን ቢቀመጡ፣ በደረጃው መሠረት ሙቀት ለመቋቋም የበለጠ ዋስትና ያለው የትኛው ነው? ደግሞም ጣሳው ላይ ስሙን ያተመ ሁሉ ውስጡን የቀመመው እሱ ነው ማለት አይደለም። እንደ ጀርመኑ ቢኤኤስኤፍ ያሉ የኬሚካል ፋብሪካዎች ፍሬን ዘይት በብዛት አምርተው ለሌሎች ያቀርባሉ፤ ሌሎቹ በየስማቸው ያሽጉታል።

እዚህ ላይ ለጸሐፊው አንድ ነገር መተው አለብኝ። ደረጃው የሚናገረው ስለ ዝቅተኛው ነው፤ ከዚያ በላይ ግን ብራንድ ከብራንድ ይለያያል። ከሁለት ዶት 4 አንዱ ከሌላው በ30 ዲግሪ ሊበልጥ ይችላል። ለአዳዲሶቹ የመንሸራተት መቆጣጠሪያ ላላቸው መኪኖች ቀጠን ብለው የሚሠሩ ዶት 4ዎችም አሉ። ግን ይህን ልዩነት የሚነግራችሁ የጣሳው ፊት ሳይሆን ጀርባው ነው። እዚያም ቢሆን ከሁለቱ ቁጥሮች የትኛውን እንደምታነቡ እወቁ። ሞቱል አርቢኤፍ 660 የተባለው የእሽቅድምድም ዘይት ደረቅ ሳለ፣ ማለትም ውሃ ሳይጠጣ፣ 325 ዲግሪ ይችላል፤ ካስትሮል ኤስአርኤፍ 320። በዚህ ብናወዳድር ሞቱል ያሸንፋል። ውሃ ከጠጡ በኋላ ግን የመጀመሪያው 204 ሲሆን ሁለተኛው 270 ነው። ሁለቱም ዝነኛ ስሞች ናቸው። የእሽቅድምድም መኪና ዘይቱን በየጊዜው ስለሚቀይር የመጀመሪያው ቁጥር ይበቃው ይሆናል። ከሳሪስ ፒያሳ ለምትመላለስ ቪትዝ ግን ሁለተኛው ቁጥር ነው እውነተኛው ቁጥር።

ጸሐፊው ስለ አስመሳይ ዘይት ያስጠነቀቁትም ልክ ነው። መድኃኒቱ ላይ ግን ተሳስተዋል። አስመሳይ ማንን ያስመስላል? ማንም የማያውቀውን ጣሳ አስመስሎ ለመሥራት የሚደክም የለም፤ የሚመሰለው ስም ያለው ነው። ባለፈው ዓመት ከአንድ መለዋወጫ መደብር፣ ስሙ ይቅር፣ አገር ያወቀው ስም ያለበት ጣሳ ገዛሁ። ከውጭ እንከን የለውም። ክዳኑን ስፈታው ከሥሩ ያለው የብር ወረቀት ቀደም ብሎ ተቀዶ በሙጫ ተመልሷል። የምርት ቁጥሩን በአውራ ጣቴ ፈተግ ሳደርገው ቀለሙ ጣቴ ላይ ቀረ። «ታዋቂውን ግዛ» ብቻ ብሎ መምከር ገዢውን ወስዶ እዚህ ጣሳ ፊት ያቆመዋል። «እሽጉን አይተህ ግዛ» ቢባል ግን ያመልጥ ነበር።

አሁን ወደ አደገኛው ልሂድ። ዶት 5 ከዶት 4 ቀጥሎ የሚመጣ የተሻለ ዘይት አይደለም። ቁጥሩ አሳስቶአቸው ነው፤ በዚህ አልፈርድባቸውም፣ አቆጣጠሩን ያወጡት ሰዎች ራሳቸው ያመጡት መዘዝ ነው። ዶት 3፣ ዶት 4 እና ዶት 5.1 ዘመዳማቾች ናቸው፤ መሠረታቸው ግላይኮል የተባለ ኬሚካል ነው። ዶት 5 ግን ሲሊኮን ነው። ሌላ ዘር ነው። ማንም እንዳይሳሳት ተብሎ በአሜሪካው ደረጃ መሠረት ሐምራዊ ቀለም እንዲኖረው ተደርጓል፤ ሌሎቹ ከውሃ መልክ እስከ ማር መልክ ያሉ ናቸው።

ዶት 5 ውሃ አይጠጣም። ጸሐፊው ይህን እንደ ትልቅ ጥቅም ቆጥረውታል፤ ሲሰሙት ደስ ይላል። ግን ዘይቱ ውሃ አልጠጣም ማለት ውሃው ወደ ውስጥ አልገባም ማለት አይደለም። የገባው ውሃ ከዘይቱ ጋር ስለማይዋሐድ ለብቻው ጠብታ ሆኖ ዝቅ ወዳለው ቦታ ይወርዳል። በፍሬን መሥመር ውስጥ ዝቅ ያለው ቦታ የትኛው ነው? ጎማው ሥር ያለው፣ ዲስኩን ነክሶ የሚይዘው፣ ከሁሉ የበለጠ የሚግለው ክፍል። ንጹሕ ውሃ አዲስ አበባ ላይ በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። ስለዚህ 260 ዲግሪ ይችላል ብላችሁ የገዛችሁት ዘይት ሥር በ92 የሚፈላ ጠብታ ተቀምጧል ማለት ነው፤ እስኪፈላ ድረስ ደግሞ ብረቱን ያዝገዋል። በዚያ ላይ ሲሊኮን አየር ይይዛል፤ ፔዳሉ እንደ ስፖንጅ ይለሰልሳል። ኤቢኤስ፣ ማለትም ጎማው እንዳይቆለፍ የሚቆጣጠር ፍሬን፣ ያለው መኪና ቫልቮቹን በሰከንድ ውስጥ ደጋግሞ ሲከፍትና ሲዘጋ ዘይቱ አረፋ ሊሠራ ይችላል። ከነባሩ የግላይኮል ዘይት ቅሪት ጋርም አይስማማም።

ታዲያ ለምን ተሠራ? ለእሱም ቦታ አለው። የአሜሪካ ጦር በ1980ዎቹ፣ በአውሮፓ አቆጣጠር ማለቴ ነው፣ ወደ ሲሊኮን የዞረው በመጋዘን ለዓመታት የሚቆሙ ተሽከርካሪዎች ስላሉት ነው። ቀለም ስለማይልጥ አሮጌ መኪና ለኤግዚቢሽን የሚያቆሙ ሰዎችም ይወዱታል። ሃርሊ ዴቪድሰን ለረጅም ዓመታት በሞተር ብስክሌቶቹ ላይ ዶት 5 ሲያደርግ ቆይቶ በኋላ ወደ ዶት 4 ዞሯል። ጠዋት ማታ የምትነዳ፣ ለዶት 3 የተሠራች ኮሮላ ግን የጦር መጋዘን ውስጥ አይደለችም።

ሁለት ብራንድ ተቀላቅሎ ይቋጠራል የሚለው ብዙ አያቆየንም። አንድ ፈሳሽ ዶት 3 ወይም ዶት 4 ለመባል ከሚያልፋቸው ፈተናዎች አንዱ ከሌላ መመዘኛ ፈሳሽ ጋር ተደባልቆ ዝቃጭ አለመሥራቱ ነው። ዶት 4 በዶት 3 ላይ ቢጨመር መኪናዋ አትታመምም፤ ቅልቅሉ ከሁለቱ ደካማውን ይመስላል፣ ያ ነው ጉዳቱ። ጸሐፊው ምናልባት አንድ ቦታ የተቋጠረ ነገር አይተው ይሆናል፤ እኔም አይቻለሁ። ጥፋቱ ግን የሁለት ብራንድ ፍሬን ዘይት አልነበረም። አንድ ልጅ ፍሬን ዘይት ሲያጣ የመሪ ሃይድሮሊክ ጨምሮበት ነው። ዋናውን የፍሬን ሲሊንደር ስፈታው ውስጡ ያሉት ጎሚኒዎች ውሃ ውስጥ ያደረ ሽምብራ መስለው አብጠዋል። ከማዕድን ዘይት የተሠራ ማንኛውም ነገር፣ የሞተርም ይሁን የካምቢዮ፣ የፍሬንን ጎሚኒ እንዲህ ነው የሚያደርገው። ጸሐፊው የሞተር ዘይት ለፍሬን እንዳይደረግ ያሉትን ማንም ይስማቸው፤ እዚያ ላይ ሙሉ በሙሉ ልክ ናቸው።

ስለ ቀለሙና ስለ መሙላቱ የተጻፈውን ለየብቻ ልመልስ አስቤ ነበር፤ ግን አንድ ዶልፊን ሚኒባስ ሁለቱንም በአንድ ቀን መልሶልኛል።

ሾፌሩን ለረጅም ጊዜ አውቀዋለሁ፤ ጠንቃቃ ሰው ነው። ለፍሬን ዘይት ገንዘብ አይሰስትም፣ የሚገዛው ሁልጊዜ አንድ ውድ ብራንድ ነው፣ ሲጎድል ይሞላል። ልክ ጽሑፉ እንደሚለው። ደብረ ማርቆስ ሰው ጭኖ ሲሄድ ከጎሃ ጽዮን ወደ ዓባይ ድልድይ መውረድ ጀመረ። ያን ቁልቁለት የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ከ1 ሺህ ሜትር በላይ ወደ ታች ነው፣ ጠመዝማዛ፣ ፊት ለፊት የጫነ ተሳቢ። ፊቱ ያለው ተሳቢ ስላዘገየው እግሩን ከፍሬኑ ላይ አላነሣም። ግማሽ ላይ ሲደርስ ፔዳሉ ለሰለሰ፣ ሁለት ኩርባ ሳይቆይ ወለል ነካ። በማርሽና በእጅ ፍሬን እየታገለ የመንገዱ ዳር ሰፋ ያለበት ቦታ ላይ አቆማት። ተሳፋሪው ወርዶ ፈጣሪውን እያመሰገነ ቁጭ አለ። ከአርባ ደቂቃ በኋላ ፔዳሉን ሲረግጠው ምንም እንዳልሆነ ሁሉ ጠንክሮ ተመለሰ።

ሰው እንዲህ ያለውን ሲሰማ «ፍሬን በጠሰ» ይላል። የተበጠሰ ነገር ቢኖር ፔዳሉ ተመልሶ አይጠነክርም ነበር። ዘይቱ ፈልቶ ነው። ፈሳሽ ሲጫኑት አይጨመቅም፣ ስለዚህ የእግራችንን ጉልበት እስከ ጎማው ያደርሳል። እንፋሎት ግን ይጨመቃል፤ እግራችን የሚጨምቀው እንፋሎቱን ነው፣ ጎማው ጋ የሚደርስ ነገር የለም። ሲቀዘቅዝ እንፋሎቱ መልሶ ፈሳሽ ይሆናል።

ሲመለስ መኪናዋን አመጣልኝ። ማጠራቀሚያውን ከፈትኩት፤ ዘይቱ እንደ ነጭ ማር ያበራል። «አየህ፣ ንጹሕ ነው እኮ!» አለኝ። የፊት ጎማውን ፈትቼ የአየር ማውጫዋን ብሎን ላላ ሳደርጋት የወጣው ግን የጠለለ ቡና ይመስል ነበር። ሁለቱም የዚያው መኪና ዘይት ናቸው። ፍሬን ዘይት እንደ ሞተር ዘይት አይዞርም፤ ስንረግጥ ጥቂት ወደፊት ይሄዳል፣ ስንለቅ ይመለሳል። ላይ የሚሞላው ላይ ይቀራል። ጎማው ሥር፣ እሳቱ ያለበት ቦታ፣ ከዓመታት በፊት የገባው አሮጌ ነው። ሾፌሩ ለዓመታት ውድ ዘይት ሲገዛ ኖሮ አንዲት ጠብታዋ እንኳ የምታስፈልግበት ቦታ ሳትደርስለት ቀርታለች።

እንግዲህ ቀለም ምን ይነግረናል? መጥቆር ከጎሚኒ ብናኝና ከሙቀት ይመጣል፤ ጥቁር ዘይት መቀየር አለበት፣ በዚህ እስማማለሁ። ተቃራኒው ግን አይሠራም። ውሃ ቀለም የለውም። ሦስት ዓመት ውሃ ሲጠጣ የኖረ ዘይት ንጹሕ ሊመስል ይችላል፤ ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው የሚባለው ለዚህ ሳይሆን አይቀርም።

ደጋ ነን የሚለው መከራከሪያ ደግሞ ግማሹ እውነት ነው። አየራችን በጋ ላይ ደረቅ ነው፤ ጅቡቲ ወደብ ላይ የሚውል ከባድ መኪና ከእኛ ፈጥኖ እርጥበት ይጠጣል። ግን ክረምት አለብን፤ እርጥበቱም በፍሬኑ የጎማ ቱቦ ግድግዳ ሳይቀር ቀስ ብሎ ይገባል። ሙቀቱን በተመለከተ ግን ደጋነታችን እንዲያውም ይጎዳናል። ደጋ ላይ ባቄላ ቶሎ አይበስልም፤ ምክንያቱም የአየሩ ግፊት ስለሚያንስ ውሃው ዝቅ ባለ ሙቀት ይፈላል። ፍሬን ዘይትም ያው ነው። ጣሳው ላይ የተጻፈው የመፍያ ቁጥር በባሕር ጠለል ግፊት የተሰላ ነው፤ እኛ ጋ ጥቂት ዲግሪ ይቀንሳል። ደግሞ ደጋ የሚኖር ሰው ወዴት ይሄዳል? ወደ ታች ነዋ! በዓባይ በረሃም፣ በጣርማ በርም፣ በሊማሊሞም።

ሲጎድል መሙላት የሚለው ሌላም ጉድ አለው። ዘይቱ በሁለት ምክንያት ይጎድላል፤ ወይ አንድ ቦታ ያፈሳል፣ ወይ የፍሬን ሸራው አልቆ ፒስተኑ ወደ ውጭ ስለወጣ ቦታውን ዘይት ሞልቶታል። ሁለቱም መልእክት ናቸው። የሚሞላ ሰው መልእክቱን ሳያነብ ይቀደዋል። ከዚያ አዲስ ሸራ ሲገባ ፒስተኑ ወደ ኋላ ይገፋል፣ የተሞላው ዘይት በክዳኑ ይፈስሳል፣ ግላይኮል ደግሞ ቀለም ይልጣል። እዚያ ማጠራቀሚያ ሥር ብረቱ ተልጦ ያያችሁ ካላችሁ ታሪኩ ይህ ሊሆን ይችላል።

ለመሆኑ ራሳቸው አውሮፓውያኑ ምን ይላሉ? ቢኤምደብሊውና መርሴዲስ በየ2 ዓመቱ ቀይሩ ይላሉ። ጃፓኑ ሆንዳ በየ3 ዓመቱ። የገዛችሁት የእኛ ብራንድ ከሆነ አትቀይሩ ያለ የመኪና አምራች አላየሁም። ለአንዲት ቪትዝ ሙሉ ቅየራ 1 ሊትር ገደማ ይበቃታል። በአንድ ውድ ጣሳ አምስት ዓመት ከመሙላት፣ በመካከለኛ ዋጋ የታሸገ ዶት 3 ወይም ዶት 4 ገዝቶ በየ2 ዓመቱ ከአራቱም ጎማ አሮጌውን ማስወጣት ይሻላል። ስታስቀይሩም አብራችሁ ቁሙ። ዘይቱ ከሃይላንድ ጠርሙስ ሲቀዳ ካያችሁ፣ ምንም ብራንድ ነው ቢባል፣ እምቢ በሉ። ተከፍቶ የከረመ ዘይት ጠርሙሱ ውስጥ ሆኖ ውሃ ሲጠጣ ነው የከረመው። ይህን ስል እኛን ባለ ጋራዦችን ነው የማማው፤ ጠርሙሷን መደርደሪያዬ ላይ ያገኘ ሰውም ይጠይቀኝ።

የኤሌክትሪኩ መኪና ይቀረኛል። በአውሮፓ አቆጣጠር ከ2024 ወዲህ ነዳጅ የሚጠጣ መኪና ማስገባት ስለተከለከለ ጥያቄው ጊዜውን የጠበቀ ነው። እውነት ነው፣ ኤሌክትሪክ መኪና እግር ሲነሣ በሞተሩ ስለሚይዝ የፍሬን ሸራው ዕድሜው ይረዝማል፣ ዘይቱም ቶሎ ቶሎ አይግልም። ግን ያው ፔዳል፣ ያው ሲሊንደር፣ ያው ዘይት አለው፤ ዘይቱም ተረገጠም አልተረገጠ ውሃ ይጠጣል። ባትሪው ሙሉ ሆኖ ከእንጦጦ ቁልቁል ስትወርዱ ሞተሩ ኃይሉን የሚያስቀምጥበት ቦታ ያጣል፤ ያኔ ሥራው ሁሉ የፍሬኑ ነው።

ጸሐፊው ጽሑፉን የሚያርሙት ከሆነ ሌላው ይቆያል፤ የዶት 5ን መስመር ግን ዛሬውኑ ቢያነሡት። ቅዳሜ ዕለት አንድ ደንበኛ ስልኩን ይዞ መጥቶ ያችኑ መስመር አሳየኝ። እህቱ ከቨርጂኒያ ልትመጣ ነው፣ ሁለት ጣሳ ዶት 5 በሻንጣ ታምጣልኝ ወይ ብሎ ሊጠይቀኝ ነው የመጣው። ኮፈኑን አስከፈትኩት። ክዳኑ ላይ አቧራ ስለነበረ በጨርቅ ጠረግሁለትና ራሱ እንዲያነብ አደረግሁ። ዶት 3 ይላል። ትንሽ ቆሞ አየውና «ቡና ታምጣ በቃ» አለ፤ ከዚያ ደግሞ አሰበና ሳቀ፤ ቡናውን የምትወስደው እሷ ናት።